ከኮሌጅ በውጤት ተሰናብተው ሕመሙ አልለቅ ላለዎት፦ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ መመሪያ

ከኮሌጅ በውጤት ምክንያት የተሰናበተ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደምንም ያልፋቸዋል። ድንጋጤው ራሱ ያደነዝዛል፤ ዕቃ መሰብሰቡ፣ ማደሪያ መልቀቁ፣ ለቤተሰብ ምን እንደሚባል ማሰቡ ቀኑን ይሞላዋል። ይህ መመሪያ ስለ እነዚያ ሳምንታት አይደለም። የተጻፈው ከስድስት ወር፣ ከሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዐሥር ዓመት በኋላ "የተመረቁት በምንድን ነው?" የሚል ተራ ጥያቄ ሲቀርብለት ፊቱ ለሚግል፣ የድሮ የክፍል ጓደኛውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ለሚቀይር፣ ሌሊት ያልተዘጋጀበት ፈተና ላይ ተቀምጦ ለሚባንን ሰው ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሕመም ዓመታት የሚቆየው ውድቀቱ ትልቅ ስለሆነ አይመስለኝም። ከዚህ የከፋ ነገር የደረሰባቸው ሰዎች ሲያገግሙ እናያለን። የሚቆየው ጉዳዩ በወጉ ሳይነገር፣ ሳይታዘንለትና ሳይዘጋ ስለቀረ ነው። ሰው ሲሞት አስተዛዛኝ ይመጣል፤ ትዳር ሲፈርስ ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል። ከኮሌጅ የተሰናበተ ሰው ግን ስሙ ከዝርዝር ይወጣል፣ እሱም ከሰው ዐይን ይወጣል፣ በዚያው ይቀራል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው አባባል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች በአመዛኙ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፦ የተደበቀውን ማውጣት፣ መልክ ማስያዝ፣ ለሰው መናገርና የቀረውን ሂሳብ መዝጋት። በቅደም ተከተላቸው ቢሄዱባቸው ይሻላል። በሳምንት ከአንድ ደረጃ በላይ ለመጨረስ አይቸኩሉ፤ ሦስተኛው ብቻውን ወር ቢወስድ የሚያስገርም አይደለም።

1. ከሁሉ በፊት የአደጋውን መጠን ይለኩ

የሰነበተ ኀዘንና የድባቴ ሕመም ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አያያዛቸው ግን ይለያያል። ሐኪሞች ለመጀመሪያ ልየታ በሰፊው የሚጠቀሙበት ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሲሆን ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በነገሮች ደስታ ማጣት፣ የመንፈስ መውደቅ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ፣ ራስን ከንቱ አድርጎ መቁጠር፣ ትኩረት ማጣት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ እንዲሁም የሞት ሐሳብ ምን ያህል ቀን እንዳስቸገረዎት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከፍ ቢል 27 ይደርሳል። 10 ወይም ከዚያ በላይ ካገኙ ይህን መመሪያ ብቻዎን ይዘው አይቀመጡ፤ ባለሙያ ጋር ይሂዱ። መጠይቁ በራሱ በሽታ አለብዎት ብሎ አይፈርድም፤ መመርመር እንዳለብዎት ግን ይነግርዎታል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ለብቻው መታየት አለበት። ድምሩ ምንም ያህል ዝቅተኛ ቢሆን፣ መሞት ወይም ራስን መጉዳት በሐሳብዎ የሚመላለስ ከሆነ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ። መንገዱን ወይም ጊዜውን እስከ ማሰብ ከደረሱ ደግሞ ብቻዎን አይሁኑ፤ ራስዎን ሊጎዱበት የሚችሉትን ነገር ሌላ ሰው ከአጠገብዎ እንዲያርቅ ያድርጉና በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በዚህ ሐሳብ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ "ለቤተሰቤ ሸክም ሆኛለሁ" ብሎ ያምናል። ይህ እምነት የሕመሙ ምልክት ነው፤ ቤተሰብዎ የሰጠው አስተያየት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕመሙን በመጠጥ ወይም በሌላ አደንዛዥ ነገር ማስታገስ ከጀመሩ ይህንንም እዚሁ ደረጃ ላይ ለባለሙያ ይንገሩ። ለኋላ ካቆዩት የሚቀጥሉትን ደረጃዎች በሙሉ ያበላሻል።

2. የጠፋብዎትን ይዘርዝሩ

አሜሪካዊው የኀዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ትኩረት የሳበበት አንድ ጉዳይ አለ፦ ሰው በእውነት እያዘነ፣ አካባቢው ግን ኀዘኑን እንደ ኀዘን የማይቆጥርለት ጊዜ አለ። ያዘነው ሰው ራሱም መብት ያለው ስለማይመስለው አፍኖ ይይዘዋል፤ የታፈነውም ይሰነብታል። ከትምህርት መሰናበት እዚህ ውስጥ በሚገባ ይገባል። "የራስህ ጥፋት ነው" የሚባል ሰው እንዲያለቅስ ማን ይፈቅድለታል?

አንድ ወረቀት ወስደው ከመሰናበቱ ጋር አብሮ የሄደውን ሁሉ ይጻፉ። ዲግሪው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከሱ ሥር የሚመጡት ናቸው ብዙውን ጊዜ የሚያሙት፦ አብረው ያጠኑ የነበሩ ጓደኞች፣ ጠዋት ተነስቶ የሚሄዱበት ቦታ፣ በቤት ውስጥ የነበረ የ"ጎበዙ ልጅ" ስፍራ፣ ከልጅነት ጀምሮ ለራስዎ ሲሉት የኖሩት የሙያ ስም፣ በራስ አእምሮ ላይ የነበረ እምነት። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ጎን "ለዘለዓለም የሄደ" ወይም "የተቋረጠ" ብለው ምልክት ያድርጉ። ጓደኝነት ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ አልሞተም ይሆናል። የዚያ ዕድሜ የተማሪነት ኑሮ ግን ሄዷል፤ ቢመለሱም በዚያ መልኩ አያገኙትም። ለሄደው ማልቀስ ቢመጣ ያልቅሱ። የተቋረጠውን በኋላ እንመለስበታለን።

3. ወረቀቶቹን አውጥተው ታሪኩን በቅደም ተከተሉ ይጻፉ

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። አብዛኛው ጥቅምም ያለው እዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው ከተሰናበተ በኋላ የውጤት ወረቀቱን አይቶት አያውቅም። የሆነ ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ወይም ጭራሽ ከሬጅስትራር አልወሰደውም። ያልታየ ወረቀት ደግሞ በሐሳብ ውስጥ እያደገ ይሄዳል። "ሁሉንም ወደቅሁ" እያለ የኖረ ሰው ወረቀቱን ሲከፍት ያለፋቸው ኮርሶች ከወደቃቸው በልጠው፣ ነጥቡ የወረደውም በአንድ ወይም በሁለት መንፈቀ ዓመት ብቻ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ባይሆን እንኳ፣ የታወቀ ቁጥር ካልታወቀ ፍርሃት ይቀልላል። የውጤት ወረቀቱን፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን፣ የስንብት ደብዳቤውን ይፈልጉ። ብቻዎን መክፈት ካቃተዎት ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ።

ጽሑፉን በሁለት ዙር ይሥሩት። የመጀመሪያው ዙር ለስሜት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር ከሥራ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተሳታፊዎች በተከታታይ አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ እጅግ ስለጎዳቸው ነገር እንዲጽፉ ተደርጓል። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ቀንሶ ታይቷል። (ተሳታፊዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ ለእኛ ጉዳይ የቀረበ ነው።) እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፦ ሰዓት ሞልተው፣ ፊደል ሳያርሙ፣ ማንም እንደማያነበው አውቀው ይጻፉ። ጽፈው እንደጨረሱ ስሜትዎ ሊከፋ ይችላል። ይህ በጥናቱም የታየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይረግባል። ካልረገበ፣ ወይም መጻፉ ከራስዎ ቁጥጥር የሚያወጣዎት ከሆነ ያቁሙትና ከባለሙያ ጋር ይቀጥሉት።

ሁለተኛውን ዙር አንድ ሳምንት ያህል አርፈው ይጀምሩ። አሁን የሚጽፉት ማስረጃ ነው። ለእያንዳንዱ መንፈቀ ዓመት አንድ ገጽ ይስጡ። በገጹ ላይ የወሰዱትን ኮርስና ያገኙትን ውጤት፣ የኖሩበትን ቦታ፣ ገንዘብ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት ይተኙ እንደነበር፣ ሕመም ወይም ሞት በቤተሰብ ገብቶ ከነበረ፣ ክፍል መቅረት የጀመሩበትን ጊዜ፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ምን እንዳደረጉ ያስፍሩ። የሚታይ ነገር ብቻ ይግባ። "ሰነፍ ነበርሁ" ማስረጃ አይደለም፤ ፍርድ ነው። "ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የጠዋት ክፍል አልገባሁም" ማስረጃ ነው።

ከዚያ ምክንያቶቹን ይለዩ። በእጄ የነበረ፣ በእጄ ያልነበረ፣ ያኔ ያላወቅሁት ብለው በሦስት ይክፈሏቸው። በሦስተኛው ላይ ትንሽ ይቆዩ፤ ሰዎች የሚዘሉት እሱን ነው። ከመውደቁ በፊት የጀመረ ድባቴ፣ ሳይመረመር የቀረ የትኩረት ችግር (ኤዲኤችዲ)፣ የንባብ ችግር (ዲስሌክሲያ)፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የደም ማነስ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ፤ እነዚህ ሁሉ ከውጭ ሲታዩ "አይጥርም" ያሰኛሉ። የተወሰኑት በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ። ምልክቶቹ ዛሬም ካሉ ሐኪም ጋር መሄድ ያለፈውን ማስረጃ ከማሟላት አልፎ የነገውንም ኑሮ ይቀይራል። ሌላ ሰው የመረጠልዎት የትምህርት ክፍልም እዚሁ ይገባል።

በመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ራስዎን አይሸንግሉ። አላጠኑ ከሆነ "አላጠናሁም" ብለው ይጻፉት። ሁሉን በዕድል ወይም በመምህር ማሳበብ ለጊዜው ያቀልላል እንጂ ልብ አያምነውም፤ ያልታመነ ማሳበቢያ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ሄለን ብሎክ ሉዊስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረበችው ልዩነት መሠረት ጸጸት ስለ ሥራ ነው፣ ኀፍረት ስለ ማንነት። "ያን ጊዜ ፈተናውን ትቼ ሸሸሁ" የሚል ሰው ማስተካከል የሚችለው ነገር በእጁ አለ። "እኔ የማልረባ ነኝ" የሚል ሰው ግን መደበቅ እንጂ ሌላ መፍትሔ አይታየውም። የዚህ ደረጃ ዓላማ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው መሻገር ነው፤ ጸጸትን ጨርሶ ማጥፋት አይደለም።

ገጾቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ሲያነቡ አንድ ነገር ሳይታይዎት አይቀርም። ውድቀቱ የጀመረው ፈተና ክፍል ውስጥ አልነበረም። አንድ ክፍል ይቀራል፤ ያሳፍራል፤ መምህሩን ላለማየት ሁለተኛው ይቀራል፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደብዳቤው ሳይከፈት ይቀመጣል። መደበቁ ከመሰናበቱ በፊት ነበረ ማለት ነው፤ ዛሬም ያለው ያው ነው። ይህን በራስዎ ገጽ ላይ ካገኙት የሚቀጥለውን ደረጃ ለምን እንደሚሠሩት ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

4. ለአንድ ሰው ይንገሩ

ለአንድ ሰው ብቻ። በሚገባ ይምረጡት፦ ሚስጥር የሚጠብቅ፣ ምክር ለመስጠት የማይጣደፍ፣ በርስዎ ውጤት ክብሩ የማይነካ። ይህ የመጨረሻው መስፈርት ብዙ ጊዜ ወላጅን ከመጀመሪያው ተርታ ያወጣል፤ ኀጢአት የለውም። የሚፈልጉትን አስቀድመው ይንገሩት፦ "የምነግርህ ነገር አለ፤ መፍትሔ አልፈልግም፤ እስክጨርስ ስማኝ።" ከዚያ ከሦስተኛው ደረጃ ገጾች የተጨመቀውን በዐሥር ደቂቃ ይናገሩ። ማንበብ ከቀለለዎት ያንብቡት።

ከባዱ ጉዳይ ቤተሰቡ እስካሁን እየተማሩ ነው ብሎ፣ ወይም ተመርቀዋል ብሎ የሚያምን ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሚታሰበው በላይ አለ፤ ዓመታት የቆየም አለ። እዚህ ላይ ውሸቱ ራሱ ከውድቀቱ የበለጠ ሸክም ሆኗል፤ በእያንዳንዱ የስልክ ጥሪ ይታደሳልና። አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ መጀመሪያ የመረጡት ሰው ይወቅ። ከዚያ በቤተሰቡ ውስጥ ነገር የሚያለዝብ አንድ ሰው፣ ታላቅ እህት ወይም አጎት ቢሆን፣ ይወቅ፤ ለወላጅ ሲነገርም አብሮ ይቀመጥ። በበዓል፣ በእንግዳ ፊት ወይም በጭቅጭቅ መሀል አይንገሩ። ከዋናው ዐረፍተ ነገር ይጀምሩ፦ "እማዬ፣ ከኮሌጅ ከተሰናበትሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ፈርቼ ደብቄሻለሁ።" ማብራሪያው ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ በማብራሪያ ከተጀመረ ሰሚው ተንኮል ይጠረጥራል። ቁጣ ቢመጣ የዚያኑ ቀን ለማብረድ አይታገሉ። የሚቆጣ ወላጅ ሁለት ነገር ነው የሚሰማው፣ መውደቁንና መዋሸቱን፤ ሁለተኛው ለመርገብ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በገንዘብ የሚረዱዎት ከነበሩ ስለ ገንዘቡ ሳይጠየቁ አስቀድመው ያንሱት። ቤትዎ ውስጥ ድብደባ ወይም መባረር የሚያሰጋ ከሆነ ግን የሚያድሩበት ሳያዘጋጁ አይናገሩ።

ለሌላው ሰው ሁሉ ይህን ያህል አያስፈልግም። አንድ አጭር መልስ ያዘጋጁና አፍዎ እስኪለምደው ይበሉት፦ "ሁለት ዓመት ተምሬ አልቀጠልሁም፤ አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነኝ።" እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ በሩንም ይዘጋል። ጠያቂው ከገፋ "ረጅም ነው፣ ሌላ ጊዜ" ይበቃል። ለሥራ ማመልከቻም ቢሆን ያልያዙትን ዲግሪ አይጻፉ፤ ቀጣሪዎች ማስረጃ ያጣራሉ፣ ተገኝቶ መባረርም የመጀመሪያውን ቁስል ይቀሰቅሳል። የተማሩበትን ዓመትና የወሰዱትን የኮርስ ዘርፍ መጻፍ፣ ወይም መስመሩን ጭራሽ መተው ይቻላል።

5. ሐሳብ ሲመላለስና ሌሊቱ ሲረዝም

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ባሳየችው ሥራ፣ ስለ ክፉ ስሜት መንስኤና ውጤት ደጋግሞ ማብሰልሰል ድባቴን ያራዝማል። የሚያታልለው ነገር ማብሰልሰል ማሰብ መምሰሉ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ጥያቄው "ለምን እኔ?" ከሆነና መልስ ሳይኖረው በዚያው የሚዞር ከሆነ ማብሰልሰል ነው። "በዚህ ሳምንት ምን ላድርግ?" የሚል ከሆነ ማሰብ ነው።

ለማብሰልሰል ሰዓት ይስጡት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 የፈተኑት ዘዴ ይህን ይመስላል፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት ይመደባል፤ በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ በአጭሩ ተጽፎ ወደዚያ ሰዓት ይቀጠራል። "አታስብ" ከማለት ይልቅ "በ11 ሰዓት አስበዋለሁ" ማለት ይሠራል። ሰዓቱ ሲደርስ በእውነት ይቀመጡበት፤ ያኔ ብዙው ሐሳብ ጉልበቱን አጥቶ ይጠብቅዎታል። ለመኝታ ሰዓት ቅርብ አያድርጉት።

አልጋ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው እንቅልፍ እንቢ ካለ ይነሱ፤ በደብዛዛ ብርሃን አሰልቺ ነገር ሠርተው እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። ማለዳ የሚነሱበት ሰዓት ግን አይለወጥ። ሥራ አጥቶ ቤት ለሚውል ሰው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚነሳለት ነገር የለውምና። ስድስተኛው ደረጃ ለዚህ ነው።

ስለ ፈተና ሕልም። ክፍሉ የማይገኝበት፣ እስክሪብቶው የማይጽፍበት፣ ኮርሱን መመዝገብዎን የረሱበት ሕልም በተመረቁ ሰዎችም ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። ፍሮይድ ሳይቀር ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ጽፎበታል። ስለዚህ ሕልሙ ያልዳኑ ስለመሆንዎ ምስክር አይደለም። የሚያስቸግር ከሆነ ቀን ላይ ሕልሙን ጽፈው መጨረሻውን እንደፈለጉ ይቀይሩት፤ ለምሳሌ ወረቀቱን መልሰው ከክፍሉ ይውጡ። አዲሱን መጨረሻ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ዐይንዎን ጨፍነው ይለማመዱት። ለተደጋጋሚ ቅዠት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

6. ቀኑን መልሰው ይያዙ

"ስሜቴ ሲስተካከል እጀምራለሁ" የሚለው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 የድባቴ ሕክምናን በታትነው ሲያጠኑ፣ ሕመምተኛው ወደ እንቅስቃሴ እንዲመለስ ማድረግ ብቻውን ከሙሉው ሕክምና ጋር የሚስተካከል ውጤት እንዳለው አግኝተዋል። ሥራው ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል።

በሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ያስገቡ፦ ሰውነት የሚያንቀሳቅስ፣ ከሰው ጋር የሚያገናኝ፣ ተጀምሮ የሚያልቅ። ሦስተኛው ለተሰናበተ ሰው ልዩ ነው። "ጀምሬ አልጨርስም" የሚለውን እምነት በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ በተጨረሰ ነገር ግን ይሸነፋል። ስለዚህ ትንሽ ይሁን፦ አንድ ወንበር መጠገን፣ ስድስት ሳምንት የሚፈጅ አጭር ሥልጠና፣ አንድ መጽሐፍ። ዓመት የሚፈጅ ታላቅ ዕቅድ ለጊዜው ይቅር፤ ከፊሉ የማካካስ ፍላጎት ነው፣ ማካካስ ደግሞ ይቸኩላል።

የሚሸሹትንም ነገር በዝርዝር ይያዙት። በኮሌጁ በር ማለፍ፣ ቤተ መጻሕፍት መግባት፣ የድሮውን ደብተር መክፈት፣ ለአንድ የክፍል ጓደኛ መልእክት መላክ። ከቀላሉ ጀምረው በየሳምንቱ አንዱን ያድርጉ፤ ልብዎ መምታቱ እስኪረግብ እዚያው ይቆዩ። ፈጥነው ከወጡ ሽሽቱ ይጠናከራል።

7. ያልተዘጉትን ሂሳቦች ይዝጉ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ሰዎች ዓመታት ያቆዩታል። ያልተመለሰ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ ያልተከፈለ ክፍያ ወይም የትምህርት ብድር፣ ያልተወሰደ ዋና ማስረጃ። ሬጅስትራሩን በደብዳቤ ወይም በአካል ጠይቀው ሦስት ነገር ይወቁ፦ ስንብቱ የመጨረሻ ነው ወይስ ዳግም ማመልከት ይቻላል፣ ያለፏቸው ኮርሶች ሌላ ተቋም ሊቀበላቸው ይችላል ወይ፣ ለዚህስ የጊዜ ገደብ አለው? መመለስ ባይፈልጉም ይጠይቁ። መሄድ ከከበደዎት በአራተኛው ደረጃ የነገሩት ሰው አብሮ ይሂድ።

8. የመመለስን ጥያቄ ቀን ቆርጠው ያስቀምጡ

"ልመለስ ወይስ ይቅር?" የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ከተነሳ በየቀኑ ያደክማል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቀን ይቁረጡለት፤ እስከዚያ ድረስ መረጃ ብቻ ይሰብስቡ። ቀኑ ሲደርስ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። የመጀመሪያው፦ መመረቄን ማንም ሰው ባያውቅ ይህን ትምህርት እማረው ነበር? ሁለተኛው፦ በሦስተኛው ደረጃ ከጻፍኋቸው ምክንያቶች የትኞቹ ተለውጠዋል? የመጀመሪያው መልስ "አልማርም" ከሆነ የሚፈልጉት ዲግሪውን ሳይሆን ክብሩን ነው፤ ክብር ደግሞ በሌላም መንገድ ይገኛል። የሁለተኛው መልስ "ምንም አልተለወጠም" ከሆነ መመለሱ ያንኑ ውጤት መድገም ስለሚሆን ይቆዩ። ሁለቱም ካለፉ በአንድ ኮርስ ይጀምሩ፣ በሙሉ ጭነት አይግቡ።

ትምህርታቸውን አቋርጠው ቢሊየነር በሆኑ ሰዎች ታሪክ ግን አይጽናኑ። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሃርቫርድ የወጣው የተሻለ ነገር ይዞ፣ በፈቃዱ ነው። የወደቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ለተሰናበተ ሰው ሲነገርም ከማጽናናት ይልቅ ሁለተኛ ፈተና ይሆንበታል። አለመመለስም ያለ ቢሊዮን ብር የተከበረ ውሳኔ ነው፣ ከተወሰነ በኋላ ካልተንጠለጠለ።

9. ለሚያገረሹ ቀናት አስቀድመው ይዘጋጁ

ሕመሙ ሲቀልል ቀጥ ባለ መስመር አይደለም። የምርቃት ወቅት፣ የምዝገባ ሳምንት፣ የታናሽ ወንድም ውጤት፣ የክፍል ጓደኞች ፎቶ ይመልሱታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ያብራራው ቀላል ዘዴ አለ፦ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ። "የምርቃት ፎቶ ሳይ 'እንኳን ደስ አለህ' ብዬ ጽፌ ስልኩን አስቀምጬ እወጣለሁ" እንደ ማለት። በዚያ ወር የአንዳንድ ሰዎችን ገጽ ለጊዜው ከዐይን ማራቅ ፍርሃት አይባልም፤ ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ግን ወደ ስድስተኛው ደረጃ ዝርዝር ያስገቡት።

10. ባለሙያ ጋር ሲሄዱ

ከሁለት ወር ጥረት በኋላ ሥራ መሥራት፣ መተኛት ወይም ከሰው ጋር መሆን አሁንም ካቃተዎት፣ ወይም በመጀመሪያው ደረጃ ነጥብዎ ከፍ ብሎ ከነበረ፣ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ያግኙ። በአስተሳሰብና በባህርይ ላይ የሚሠራው የንግግር ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ሆኖ ከ12 እስከ 20 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ሙሉ ውጤቱ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። አልሠራም ብለው ወይም ተሻለኝ ብለው በራስዎ ፈቃድ በድንገት አያቋርጡ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የሦስተኛውን ደረጃ ገጾች ይዘው ይሂዱ። ችግሩ ከመሰናበቱ በፊት የጀመረ ይሁን ወይስ በኋላ፣ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ከሁሉ በፊት ይህንን ነው፤ ከቃል ይልቅ ከወረቀቱ ቶሎ ይገኛል። ከሦስት ወይም ከአራት ቀጠሮ በኋላ አለመግባባት ከተሰማዎት ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩት፤ ካልተስተካከለ ሌላ እንዲጠቁምዎት ይጠይቁት። ሳይናገሩ መቅረት ግን አይምረጡ።